በመሀረብ የተያዘ ቦታ

ለመንደራችን ለቫልያ ሉንጋ አዲስ የሆነ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይህን ሁሉ ቤተ መንግሥት ማን ሠራው?» ብሎ ነው። ባለ ሦስት ፎቅ፣ ዐምድ የቆመለት፣ መግቢያው ላይ ሁለት የሲሚንቶ አንበሳ የተቀመጠለት ቤት ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፏል። የሠሩት ቪየና ቢሮ የሚጠርጉና አስፋልት የሚያነጥፉ የኛው ሰዎች ናቸው። የሚኖሩበት ግን አንበሶቹ ናቸው። ባለቤቶቹ በዓመት ሦስት ሳምንት መጥተው የአንበሶቹን አቧራ ያራግፋሉ፤ የጎረቤትን አንበሳ ከራሳቸው ጋር ያስተያያሉ፤ ተናደው ይመለሳሉ። በሚቀጥለው ዓመት አንበሳው አድጎ ይገኛል።

ከአንበሶቹ ሌላ ዓመቱን ሙሉ የምንኖረው ጥቂት ነን። አሮጊቶች አሉ፣ ሽማግሌዎች አሉ፣ ማየት የማይፈልገው ነገር ሲመጣ መነጽሩን የሚያወልቅ አንድ ቄስ አለን። ሩሳንዳም አለችልን።

የአውራጃው አስተዳደር በየዓመቱ ለባህል ባለውለታዎች ሜዳሊያ ይሰጣል። አንድ ዓመት ለአንድ ገጣሚ ሰጠ፤ ግጥሙን ያነበበ ሰው ተፈልጎ አልተገኘም። አንድ ዓመት አስተዳዳሪው ለራሱ ሰጠ፤ ንግግርም አደረገ፤ ሲያመሰግን አለቀሰ። ለሩሳንዳ ሰጥቶ አያውቅም። እሷ ሥነ ሥርዓቱን ትቀርጻለች።

ሩሳንዳ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ እንደ ሰው ሁሉ ቪየና ሄደች። በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሰባት ዓመት አንሶላ አጠፈች። አብራት የምታጥፍ አንዲት ያገራችን ሴት ነበረች፤ እናቷ ስትሞት ፈቃድ አላገኘችም፣ ቀብሩ አመለጣት። ከወር በኋላ ከአገር ቤት ፖስታ ደረሳት፤ ውስጡ አራት ፎቶግራፍ። በአራቱም ላይ የሚታየው የቀባሪ ጀርባ ነው። ሴትዮዋ አራቱን ጀርባ አንሶላ መደርደሪያው ላይ ዘርግታ «እናቴ ከየትኛው ጀርባ በስተፊት ናት?» እያለች ሩሳንዳን ትጠይቃት ጀመር። ሩሳንዳ በሚቀጥለው ቅዳሜ ካሜራ መሸጫ ሄደች።

ሌላው ከቪየና ሲመለስ መኪና ይዞ ወይም የወርቅ ጥርስ አስተክሎ ነው። እሷ እንደ መትረየስ በትከሻ የሚነገት ትልቅ የቪዲዮ ካሜራ ይዛ ተመለሰች። ጎረቤታችን ሚሁት ያኔ ጎልማሳ፣ ዛሬ ሽማግሌ ነው፤ ምላሱ ግን አላረጀም። «ባል ፍለጋ ሄዳ ባለ አንድ ዐይን አመጣች!» ብሎ መንደሩን አሳቀባት።

«ባለ አንድ ዐይን ይሻለኛል» አለችው ሩሳንዳ። «አንተ ሁለት ዐይን ይዘህ ሲመሽ አንዱን ሰው ሁለት አድርገህ ነው የምታየው።»

ይህ ከሆነ ሃያ ስድስት ዓመት አለፈው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በሸለቆው ውስጥ ሩሳንዳ ያልቀረጸችው ሠርግ፣ ክርስትናና ተዝካር የለም። አሠራሯ የራሷ ነው። ድግሱ ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው ቪየና ላሉት ዘመዶች አንድ በአንድ ትደውልና «ምን ማየት ትፈልጋለህ?» ትላለች። አንዱ የእናቴን አረማመድ አሳዪኝ ይላል፤ ደህና ነኝ ትለኛለች፣ ታነክስ እንደሆነ ልይ። ሌላዋ የጓሮው ዛፍ ፍሬ ይዞ እንደሆነ ትጠይቃለች። አንዱ ወንድሙ ስሙ ሲነሳ ፊቱ ምን እንደሚመስል ማየት ይፈልጋል። ይህን ሁሉ በደብተር ትጽፋለች። በማግሥቱ ሙሽራዋ ስትስቅ ካሜራው ድንገት ወደ ጣሪያ ሲዞር የምታዩት ለዚህ ነው፤ ሊንትስ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው «ጣሪያው ያፈሳል ወይ?» ብሎ ጠይቋል።

አትቆርጥም። አንዴ ከከፈተችው ድግሱ እስኪያልቅ አታጠፋውም። ካሜራው ከገበታው ራስ እስከ እግሩ ሰው ሳይዘል ያልፋል፤ አንገቱን የደፋ ካለ ተመልሳ ትመጣለታለች። የአምስት ሰዓት ሠርግ አምስት ሰዓት ነው። ቪየና ያሉት በሦስት እሑድ ያዩታል፤ መሀል ላይ እያቆሙ ይጣላሉ፤ «ያ ኮት የኔ አይደለም እንዴ?» ይባባላሉ።

አሁን ደግሞ ወደ ምሁራኑ ልውሰዳችሁ።

በዋና ከተማው ባለ አንድ የዩኒቨርሲቲ የፊልም ትምህርት ቤት ኮሪደር ላይ «ከክፍል ውጭ ያሉ ዕድሎች» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ተማሪው ሁሉ ከመመረቁ በፊት ሁለት ወር ከክፍል ውጭ ሠርቶ በፊርማ የተረጋገጠ ወረቀት ማምጣት አለበት። ሰሌዳው ላይ የማይጠራ ነገር የለም። የውጭ አገር ሰዎች ምሽጋችን ውስጥ በሚሠሩት ትልቅ ፊልም ላይ ረዳት መሆን አለ፤ ትርጉሙ ለረዳቱ ረዳት ጃንጥላ መያዝ ነው። የፊልም ፌስቲቫል አለ፤ በር ላይ ቆሞ ሰው መመለስ። የማስታወቂያ ስቱዲዮ አለ፤ እርጎ ለዐሥራ አንድ ሰዓት እንዲያብለጨልጭ ማድረግ። ባሕር መሀል ደሴት ላይ የሚካሄድ ዐውደ ጥናትም አለ፤ ስለ ምስል ዝምታ ሁለት ሳምንት ሳያቋርጡ የሚያወሩበት። እነዚህ ሁሉ ባለሥልጣን አጎት ላላቸው ልጆች ናቸው። አጎት የሌለው ሰሌዳው ሥር የምትገኘውን ትንሽ ወረቀት ያነባል፦ «ሩሳንዳ ቪዲዮ። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ተዝካር። ቀለብና መኝታ አለ።» የለጠፈችው የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ናት። የኛው መንደር ልጅ ናት፤ ሠርጓን ሩሳንዳ ናት የቀረጸችው።

በዚህ ወረቀት ስድስት ተማሪ መጣልን። የመጀመሪያው በሐምሌ ሙቀት አንገቱ ላይ ስካርፍ ጠምጥሞ ነበር። ብርሃኑ ስላመለጠው ሙሽራዋን «እባክሽ እንደገና አልቅሺ» አላት፤ አጎቷ እሱን አስለቀሰው። ሁለተኛው አንድ ሙሉ ክርስትና ላይ ውሻ ሲቀርጽ ዋለ። ሌሎቹም በሁለተኛው ሳምንት ሆዳችንን አመመን እያሉ ሄዱ። አንዱ ግን ቆየ፤ ዛሬ ስሙ የገነነ ነው። ማን አስተማረህ ሲባል የፕሮፌሰሮቹን ስም ይደረድራል።

ሰባተኛዋ ኢስክራ ነበረች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ ቁመተ ረጅም፣ ከራሷ የሚከብድ የሌንስ ቦርሳ የተሸከመች። ከአውቶቡስ ወርዳ ግቢው በር ላይ ቆመች።

«ጤና ይስጥልኝ፤ ዳይሬክተሯን ፈልጌ ነበር።»

«ዳይሬክተሯ ዶሮ እየመገበች ናት፤ ጠብቂ» አለቻት ሩሳንዳ፣ ዶሮ እየመገበች።

የመጀመሪያውን ሳምንት ካሜራ አላስነካቻትም። ከሽማግሌ ጋር አስቀመጠቻት። ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ለምን እንደተኳረፈ አስጠናቻት።

«አክስቴ ሩሳንዳ፣ እኔ እኮ የመጣሁት ለመቅረጽ ነው» አለች ኢስክራ በአራተኛው ቀን።

«ምን ልትቀርጪ?»

«ሰው።»

«ታዲያ ሰው መች አወቅሽና?»

ሚሁት አጥር ላይ ተደግፎ ይሰማል። «ተዪአት እባክሽ! ከተማ ውስጥ ሰው በእንዲህ ዓይነት ቦርሳ ነው የሚታወቀው» አለ።

ኢስክራ አልሄደችም። ይህን ለክብሯ እጽፋለሁ። ቀለም የቀባችውን ጥፍር ቆረጠች፤ የካሜራውን ማቆሚያ ተሸክማ ዳገት ወጣች፤ የበቆሎ ገንፎ ሦስት ጊዜ በቀን በላች። ዐይኗም ዐይን ነበር። የአንድ አሮጊት እጅ ዳቦ ሲቆርስ ቀርጻ ስታሳየን፣ አሮጊቷ ራሷ «ይቺ እጅ የኔ ናት? እንዲህ ታምራለች?» አለች። ሩሳንዳ ያን ዕለት ምሳ ላይ አንድ ቁራጭ ሥጋ ጨመረችላት። ከሩሳንዳ አፍ ምስጋና የሚጠብቅ ከሲሚንቶ አንበሳ ጩኸት ይጠብቃል።

አንድ ነገር ግን አልለቅ አላት። ፍሬም የምትለው ነገር፤ በካሜራው አራት ጠርዝ መሀል የሚገባው ምስል። ክፍተት ካየች ያማታል። ባዶ ወንበር ካለ ገፋ ታደርገዋለች፤ የኮላ ጠርሙስ ካለ ታነሳዋለች። ለአራት ዓመት ባዶ ቦታ የሞተ ቦታ ነው ብለው አስተምረዋታል፤ እነሱ የሚያስተምሩበት ክፍል ግማሽ ባዶ መሆኑን ሳያዩ።

በነሐሴ የሩሳንዳ ወንድም የትራይሎ ሙት ዓመት ደረሰ።

በኛ ዘንድ ከል የሚወርደው በሙት ዓመት ጭፈራ ነው። እኩለ ቀን ላይ ገበታው ተዘርግቶ፣ ንፍሮው ተቀምሶ፣ የሟቹ ሚስት ፎቶግራፉንና የበራ ሻማ ይዛ ትመራለች፤ ዘመድ እጅ ለእጅ ተያይዞ ይከተላል፤ ሦስት ዙር ግቢውን ይዞራሉ። ያን ቀን ጭፈራውን የረገጠ ከሉን አውልቆ ወደ ኑሮው ይመለሳል። ያልረገጠ ሐዘኑ አልወረደለትም፤ አይዘፍንም፣ አይጨፍርም። ቄሳችን በዚህ ሰዓት መነጽሩን ያወልቃል።

ትራይሎ አንድ ልጅ ብቻ ነበረችው፤ ፐርሲዳ። ቪየና ናት። የሰባት ወር እርጉዝ ናት፤ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል፤ ሐኪሟ እስክትወልድ ከአልጋ እንዳትነሳ አዟታል። ዓመት ሙሉ ጥቁር ለብሳለች። ሐዘኗ ሳይወርድ ከወለደች ለልጇ እሹሩሩ ማለት አይሆንላትም፤ በኛ ዘንድ ሐዘንተኛ አፍ ለሕፃን አይዘፍንም። የተማረ ሰው ይሳቅ። ፐርሲዳ አልሳቀችም፤ በየቀኑ ለአክስቷ እየደወለች «አክስቴ፣ ቦታዬን እንዳትረሱ» ትል ነበር።

ቦታዋ እንዲህ ነው። መምጣት ላልቻለ ዘመድ ሁለት ሰዎች ነጭ መሀረብ ግራና ቀኝ ይይዙለታል፤ መሀላቸው አንድ ሰው የሚያህል ክፍተት ይተዋል። ሦስቱን ዙር ክፍተቱ አብሮ ይዞራል። ያ ሰው ኋላ ቦታውን በዐይኑ ካየ እንደረገጠ ይቆጠርለታል። ድሮ ይህ የሚሆነው በመንደር ለተኛ በሽተኛ ነበር፤ በመስኮት ያያል። ቪየና ግን መስኮት የለንም፤ ሩሳንዳ ናት ያለችን።

ነገሩ የተወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። ሩሳንዳ እህት ናት፤ መርገጥ አለባት። ሃያ ስድስት ዓመት የሰውን ሁሉ ጭፈራ ስትቀርጽ የኖረች ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ካሜራዋን ለሌላ ሰው መስጠት ግድ ሆነባት። ለኢስክራ ሰጠቻት።

«ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አታጥፊው።»

«አላጠፋም።»

«የሚያየው ማን ነው?»

«ፐርሲዳ።»

«በቃ፤ ይኸው ነው» አለች ሩሳንዳ።

ስለ መሀረቡ አልነገረቻትም። ማናችንም አልነገርናትም። ሰው ለሰው «ሙሽራዋን መቅረጽ አትርሺ» ይላል እንዴ?

ጭፈራው ተጀመረ። አኮርዲዮኑ ዝግ ብሎ ይጫወታል። የትራይሎ ሚስት፣ የፐርሲዳ እናት ዮርጎቫንካ ፎቶግራፉን ደረቷ ላይ አድርጋ መራች። ሩሳንዳ ተከተለች። ከሩሳንዳ እጅ ነጩ መሀረብ ተዘረጋ፤ ጫፉን ሚሁት ያዘው። ሚሁት ያን ዕለት አልቀለደም፤ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ነበር የሚረግጠው። ኢስክራም ቆንጆ አድርጋ ትሠራለች። ወደ ኋላ እየተራመደች፣ ጎንበስ ብላ፣ ሻማው በዮርጎቫንካ ጉንጭ ላይ ሲንቀሳቀስ ትይዛለች፤ አቧራ የሚያነሳውን እግር ትይዛለች። አየናትና ኮራን። «የኛ ልጅ» አልን።

ከምሳ በኋላ ሩሳንዳ ቤት ማእድ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክተን አየነው። እውነቱን ልናገር፤ እንደዚያ ያማረ ነገር ከዚያ ቀን በፊት አላየሁም። ዮርጎቫንካ የራሷን ፊት አይታ አለቀሰች። የመጀመሪያው ዙር አለቀ። ሁለተኛው አለቀ። ሩሳንዳ ወደ ቴሌቪዥኑ ወንበሯን አስጠጋች። ሦስተኛው አለቀ።

«የፐርሲዳ ቦታ የት አለ?» አለች።

«ፐርሲዳ... ቪየና አይደለች እንዴ?» አለች ኢስክራ።

«የት እንዳለች አውቃለሁ፤ እኔም አሳድጌያታለሁ። ቦታዋ የት አለ?»

ኢስክራ አልገባትም። ሚሁት ኪሱ ውስጥ ያለውን እጁን አውጥቶ ባዶ አየር እንደያዘ ዘርግቶ አሳያት። ያኔ ገባት፤ ፊቷ እንደ ንፍሮው ነጣ።

«እዚያ ጋ ክፍት ሆኖብኝ...» አለች። «በክፍተቱ ውስጥ ከኋላ የጎረቤት አንበሳ ይታያል። የአንበሳው ቂጥ። ስለዚህ ካሜራውን ወደ ጎን ገፋ አደረግሁትና...»

ያ ሁሉ ዙር፣ ያ ሁሉ ሻማ፤ መሀረቡ ግን አንድም ቦታ ላይ የለም። አንዳንድ ጊዜ ጫፉ ብቅ ይላል፣ ወዲያው ይቆረጣል። የፊልም ትምህርት ቤቱ በአራት ዓመት ያስተማራትን ሁሉ በትክክል ሠርታዋለች።

«ይደገማ!» አለ ሚሁት። «እግር አለን፣ አኮርዲዮኑም አልሄደም።»

«ሙት ሁለት ጊዜ አይሸኝም» አለች ዮርጎቫንካ። «አንዴ አሰናብተን ደግመን ልንጠራው ነው?»

ኢስክራ ዐይኗን እየጠራረገች «ልጠግነው እችላለሁ» አለች። «መሀረቡን ብቻ ለብቻው እንቅረጽ። እዚህ ጋ፣ ከእግሩ በኋላ አስገባዋለሁ። ማንም አይለየውም።»

«ፐርሲዳስ?»

«እሷም አትለየውም።»

ሩሳንዳ ቆጣ ትላለች ብለን ነበር፤ አልተቆጣችም። «አራት ጀርባ ታቅፋ የምታለቅስ ሴት አውቅ ነበር» አለች። «የላኩላት ሰዎችም አትለየውም ብለው ነው።» ስልኩን አነሳችና ቪየና ደወለች፤ እውነቱን ለፐርሲዳ ነገረቻት። እኛ የሰማነው የዚህኛውን ወገን ብቻ ነው። «አልታየም፣ ልጄ... እኔ ይዤው ነበር፣ በእጄ... የልጅቷ አይደለም፣ የኔ ጥፋት ነው፣ አልነገርኳትም...» ከዚያ ስልኩን ስትዘጋ «በከሌ እወልዳለሁ አለችኝ» አለች።

ፋኩልቲ ሰው አያስተምርም ብዬ ልጨርስ ነበር፤ ግን ከዚህ በኋላ የሆነውን ያደረገችው ተማሪዋ ናት፤ መናገር ግዴታዬ ነው።

ኢስክራ ጥጉ ላይ ተቀምጣ ነበር። «መሀረቡ የት አለ?» ብላ ጠየቀች።

ሩሳንዳ ከሽርጧ ኪስ አወጣችው። ከፊልሙ ጋር ወደ ቪየና የሚላክ ነውና አላጠበችውም፤ እጥፋቱ እንኳ አልተስተካከለም።

«ታዲያ ቦታዋ አልተዘጋም ማለት ነው?» አለች ኢስክራ። «እዚህ ውስጥ ነው ያለው?»

ማንም እንዲህ ብሎ አስቦት አያውቅም። ሚሁት ዮርጎቫንካን አየ፤ ዮርጎቫንካ ሩሳንዳን አየች።

«እኔ ልውሰደው» አለች ኢስክራ። «በእጄ ልያዝላት። አንዱን ጫፍ እኔ፣ አንዱን እሷ።»

«ዘመድ አይደለሽም» አለች ሩሳንዳ።

«ይሄ ደግሞ ምን ቸገረው!» አለ ሚሁት፣ ምላሱ ተመልሶለት። «እኔስ ለትራይሎ ምኑ ነኝ? ሠላሳ ዓመት ያጣላን የአጥር እንጨት ነው። ንፍሮውን የበላ ይይዛል፤ አባቶቻችን ያሉት ይህን ነው።»

«በልታለች» አለች ዮርጎቫንካ። «ሁለት ሳህን ነው የበላችው። አይቻታለሁ።»

በዚህ የሕግ አንቀጽ ጉዳዩ ተወሰነ። ሩሳንዳ መሄድ አትችልም፤ ሐዘኗን ረግጣ ጨርሳለች፣ ቅዳሜም ቃል የገባችበት ሠርግ አለ። ዓርብ ጠዋት ኢስክራ ወደ ቪየና በሚመላለሰው ሚኒባስ ተሳፈረች፤ ቋሊማ፣ ራኪያ የምንለው አረቄና አንድ ጆንያ ቃሪያ መሀል ተቀምጣ። ሌንሶቿን ሁሉ ሩሳንዳ ቤት ትታ፣ አንድ ካሜራና አንድ መሀረብ ይዛ ሄደች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዮርጎቫንካ ቤት ተሰበሰብን። ኢስክራ ተመልሳለች፤ ያመጣችውን አስቀድማ አላሳየችም፤ ሩሳንዳ ራሷ አላየችውም። ተከፈተ።

የፐርሲዳ ቤት አንድ ክፍል ነው፤ አልጋውና ምድጃው አንድ ላይ። ካሜራው መስኮት ደፍ ላይ ተቀምጧል። መሀረብ ሁለት ጫፍ አለው፤ ባሏ ሥራ ላይ ነው፤ ካሜራ የሚይዝ ሦስተኛ ሰው የለም። ስለዚህ የምስሉ ግራ ግማሽ የፍሪጅ በር ነው። ነጭ፣ ትልቅ፣ ላዩ ላይ የሎሚ ሥዕል የተለጠፈበት።

«ጥሩ ፍሪጅ ገዝተዋል» አሉ አሮጊቶቹ ወዲያው። «እዚያው ቪየና የኛ አንጄላ ቤት ያለው ከዚህ ያንሳል።»

ፐርሲዳ ጥቁር ለብሳ ተጋድማለች፤ አንድ እጇን ከፍ አድርጋ የመሀረቡን ጫፍ ይዛለች። ሌላውን ጫፍ የያዘችው ኢስክራ ናት፤ በሌላው እጇ ሻማ። ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥኑ የእኛን ጭፈራ ያጫውታል፤ ያንኑ ሻማውንና እግሩን፤ አኮርዲዮኑ ይሰማል። ኢስክራ አልጋውን መዞር አልቻለችም፤ አንዱ ወገን ግድግዳ ነው። እዚያው ፊትና ኋላ ትረግጣለች። ፐርሲዳ በተኛችበት ጣቶቿን እያነሳችና እያወረደች ትቆጥራለች። ሦስት ዙር። አልተቆረጠም።

«ያቺ እንደ ዝይ የምትረግጠው ማን ናት?» አለ ሚሁት።

«የኔ ካሜራማን ናት» አለች ሩሳንዳ።

ኢስክራ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሚሁት ወደ እሷ ዘንበል ብሎ «ዝይ ግን እንዲህ ሻማ አትይዝም» አላት። ከሚሁት ይህ ሜዳሊያ ነው።

ይህንኑ ፊልም በመስከረም ለትምህርት ቤቱ አስረከበች። አንድ ፕሮፌሰር ፍሪጁ ጥንቅሩን ያበላሸዋል አለ። ሌላው ፍሪጁ የስደተኛውን ቅዝቃዜ የሚወክል ድፍረት የተሞላ ምርጫ ነው አለ፤ ሁለቱ በዚህ ተጣልተው እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። ልምምዱን የሚያረጋግጠው ቅጽ ላይ «የተቆጣጣሪው ባለሙያ የትምህርት ደረጃ» የሚል ጥያቄ ነበር። ሩሳንዳ «ሰባት ዓመት፣ አንሶላ» ብላ ሞልታ ፈረመች። ተቀበሉት፤ አላነበቡትም መሰለኝ።

ወደዚያ እሑድ ልመለስ። ሦስተኛው ዙር አለቀ። ፐርሲዳ የራስ ማሰሪያዋን ጥቁሩን ጨርቅ ፈታችና አልጋው ጫፍ ላይ ጣለችው፤ ኢስክራ ሻማውን አጠፋች፤ ሁለቱም ተሳሳቁ። ከዚያ ኢስክራ ቡና ላፍላ ብላ ከምስሉ ወጣች። ፐርሲዳም ብርድ ልብሱን ተከናንባ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ኢስክራ ካሜራውን ማጥፋት ረስታዋለች። የቀረው ፍሪጁና ብርድ ልብሱ ብቻ ነው።

ኢስክራ ደንግጣ ተነሳች። «ይሄ አያስፈልግም፣ ላጥፋው፣ ከዚህ በኋላ ምንም የለም...»

«ተቀመጪ» አለች ሩሳንዳ።

ተቀመጠች። ዐሥራ ስምንት ሰው አንድ ነጭ የፍሪጅ በር እናያለን። አሮጊቶቹም ስለ ዋጋው ማውራት አቆሙ። ውሃ የሚፈላ ድምፅ ይሰማል፤ ሲኒ ነካ ነካ ሲል ይሰማል። ከዚያ ከብርድ ልብሱ ሥር፣ ዓመት ሙሉ ያልዘፈነ ጉሮሮ እየተሰነጠቀ መሞከር ጀመረ። አንድ ስንኝ አለና ተሳሳተ፤ ጀመረው፣ ረሳው፣ ደግሞ ጀመረው። ትራይሎ በልጅነቷ ለእሷ ይለው የነበረው እሹሩሩ ነበር። ዮርጎቫንካ ልጇ የረሳችውን ስንኝ ከዚህ ሆና በዝግታ ታቀብላት ጀመር።